ጨርቁ ይጠብቃል

ጥር 4

እንደ ወትሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ገባሁ። እንደ ወትሮው ኮቴን ሰቀልሁ፤ መነጽሬን ጠረግሁ፤ የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን ነቀልሁ። የሚታረም ነገር ግን አልነበረም። ከእንግዲህ ኮምፒዩተሩ ያርማል አሉ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ «አማካሪ» ነኝ... ማን ሊያማክረኝ? ጠረጴዛዬን ወደ ኮሪደሩ ጥግ፣ ከመጥረጊያዎቹ ማስቀመጫ አጠገብ አዛውረውታል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ልታነሣ በመጣች ቁጥር «ይቅርታ ጋሼ» ትለኛለች። በቀን ስድስት ጊዜ ይቅርታ ተጠየቅሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ የተከበርሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የደም ግፊት፣ ማታ፦ 148። ባለቤቴ አይታ «እህም» አለች። እህም ብቻ።

ጥር 9

ለምርመራ ሐኪሜ ዘንድ ሄድሁ። መግቢያው ላይ አዲስ ነገር ቆሟል፤ ግፊት እየለካ የሚናገር ሳጥን። ድምፁ የሴት ነው። ክንዴን አስገባሁ። «ክንድዎ ላይ ያለው ጨርቅ ይጠብቃል» አለችኝ... «ብ»ን አጥብቃ!

እንግዲህ «ብ» ላልታ ስትነበብ ጨርቁ ክንድን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል ማለት ነው። ጠብቃ ስትነበብ ግን ጨርቁ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። ማንን? ከኋላዬ ተራ የያዙ አንዲት እናት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እሱ ከጠበቀ እኔም እጠብቃለሁ። ምን ያስቸኩለኛል?»

መታገሥ አልቻልሁም። ለሳጥኗ እዚያው ትምህርት ጀመርሁ። «እመቤቴ፣ ይጠብቃል የሚለው ቃል ሲጠብቅ አይጠብቅም፤ ሲላላ ነው የሚጠብቀው!» ተራ ያዡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷም በምላሹ «መቶ ስድሳ አንድ። ሐኪምዎን ያማክሩ» አለችኝ።

አንዲት ወጣት ሴት ከግድግዳው ጥግ ብድግ ብላ መጣች። «ጋሼ፣ ያሉትን እስቲ ይድገሙልኝ?» ደገምሁላት። ማስታወሻ ያዘች። ሳጥኗን የሚሠራው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ አለችኝ። ከሃያ ጤና ጣቢያዎች አቤቱታ ደርሷታል፤ ሳጥኗ ምን እንዳጠፋች የነገራት ሰው ግን የለም። ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

ሐኪሙ በበኩሉ፦ «ደም ሥሮችዎ ጠብቀዋል። እርስዎም ጠብቀዋል። ትንሽ ላላ ይበሉ ጋሼ።»

ለአራሚ ላላ በል ማለት... ለዘበኛ ተኛ እንደ ማለት አይደለምን?

ጥር 13

ደወለች! «የንባብ አራሚ» አድርጋ ልትቀጥረኝ ትፈልጋለች። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ። ሥራው ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሳጥኗ ከሰው ጋር ስትነጋገር ማዳመጥ። እኔን የምትፈልገው ለጆሮዬ ነው። መቼ ነበር ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የፈለገኝ?

ለባለቤቴ ነገርኋት።

«በስድሳ አንድ ዓመትህ ሥራ ልትቀይር?»

«የዕድሜዬ እኩሌታ ላይ ነኝ።»

«መቶ ሃያ ሁለት ልትኖር ነው?»

«ጨው ከከለከልሽኝ ወዲህ ዕድሜ እንደዚያ ነው የሚረዝመው።»

አልሳቀችም። ወረቀት አውጥታ ውል ጻፈች። የትም ከተማ ልደር፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ትደውላለች፤ እኔም ተለክቼ ቁጥሬን እናገራለሁ። አንዲት ማታ ከመቶ ስድሳ ካለፍሁ ሥራውን ትቼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ቤቴ። «ፈርም» አለችኝ። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ ፈረምሁ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

ካለፍሁ ወዴት ነው የምመለሰው? ማተሚያ ቤቱ ወንበሬን ይመልስልኛል? ለመጥረጊያ ሰጥተውታል እኮ...

ጥር 28

ስንብት። ባልደረቦቼ አጉሊ መነጽር ሸለሙኝ። የአንዱን ሰው ንግግር ሳዳምጥ የእርሳስ ፊደል በእጅ እየተለቀመ ገጽ ይሠራ የነበረበት ዘመን፣ የቀለሙ ሽታ፣ የማተሚያ መኪናው ጉርምርምታ ሁሉ መጣብኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሊያለቅስ ነው አሉ። ተናጋሪው ግን ሊያጽናናኝ ብሎ ያችን ነገር አነሣት፦ «ሠርጉ በድምቀት ተሰበረ!»

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በአንድ የሠርግ መታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ሳላየው ያለፈ ግድፈት ነው፤ «ተከበረ» መሆን ነበረበት። ሺህ ቅጂ። ሙሽራው ራሱ መጽሐፉን ታቅፎ እርማት ክፍል ድረስ መጣ፤ «ጋሼ፣ ገና ሦስት ወራችን ነው» አለኝ። አንድ ሳምንት እህል አልቀመስሁም። ዛሬም ሠርግ ስጠራ አልሄድም... በምን ፊቴ?

የካቲት 1

አዲሱ ቢሮ። ግድግዳው መስታወት ነው፤ ሁለት ጊዜ በግንባሬ አንኳኳሁት። ወንበሩ ጎማ አለው፤ ልቀመጥበት ስል ሸሸኝ። ተከትዬው ሄጄ ተቀመጥሁበት። አሁን ከመስኮቱ አጠገብ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ወዲያ ማዶ ነው።

ሥራ አስኪያጇ አስረዳችኝ። የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። ሳጥኗ ነጥብ ያየችበትን ታጠብቃለች፤ ያላየችበትን ታላላለች። ሁለት ሺህ ዓረፍተ ነገር አለ።

ሁለት ሺህ! የልጅነት መምህራችን ትዝ አሉኝ፤ ስናነብ ሰሌዳውን በጠመኔ እየመቱ «አጥብቅ! አላላ! አጥብቅ አንተ!» ይሉን ነበር። እስከ ምሳ መቶ አሥር ዓረፍተ ነገር ነጠብሁ። የድርጅቱ ሾፌር በትከሻዬ በኩል አይቶ «ሊቀ ነጥብ» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። ሳጥኗን ደግሞ «እትዬ ለኪ» ነው የሚላት።

ግፊት፦ 139። ባለቤቴ መልካም ነው አላለችም፤ ግን «እህም»ም አላለችም።

የካቲት 11

የመጀመሪያ የሥራ ጉዞ። አራት ሰዓት መኪና ውስጥ። ሾፌሩ የሚያውቀው አንድ ዘፈን ነው፤ እሱንም እስከ ግማሹ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይጀምራል። «መጨረሻውስ?» አልሁት። «መጨረሻውን ስንደርስ» አለኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ አዛውንት እትዬ ለኪ ፊት ተቀምጠዋል። ሳጥኗ ከመለካቷ በፊት ስለ ሌላ ሕመምም ትጠይቃለች፤ የቆዳ ጥያቄዎቹን ገና አልነጠብኋቸውም። «ሽፍታ አለብዎት?» አለቻቸው፤ «ፍ»ን አላልታ፣ ጫካ የገባውን ሽፍታ አድርጋ።

አዛውንቱ አሰቡ። «የለብኝም። አማቼ አለ፤ ግን እሱ እቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚዘርፈኝ።»

ነጥብ ጨመርሁ። «ፍ» ጠበቀች። ደግማ ጠየቀች።

«አሃ! እሱማ ክንዴ ላይ አለ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሁለት ነጥብ ናት እኮ። አንድ ሰው ከሽፍታ ነፃ ወጥቶ ሽፍታው ታየለት።

ማታ ስልክ፦ 143።

የካቲት 12

የሆቴሉ ትራስ እንደ መዝገበ ቃላት ወፍራም ነው። ያውም ሁለት ቅጽ።

የካቲት 24

ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጤና ጣቢያ። እትዬ ለኪ አንዲት ወይዘሮን «ምላስዎ ያማል?» ብላ ጠየቀች። «ማ» ብትጠብቅ ሕመም ነበር፤ አላላቻት፤ ሐሜት ሆነ። ወይዘሮዋ ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ ብለው፦ «አልፎ አልፎ። ግን ያልተደረገ አውርቼ አላውቅም።»

ሁለት ነጥብ አደረግሁ። ደግሞም አንድ ሐሳብ አቀረብሁ፦ ጆሮ የከበደው ሰው «ስንት?» ብሎ ቢጠይቅ ቁጥሩን ትድገምለት። ሥራ አስኪያጇ «ጋሼ፣ ይህማ ግሩም ነው!» አለች፤ በሁለት ቀን ሠሩት። ግሩም... ከተባልሁ ስንት ዓመቴ ነው?

መጋቢት 6

ባለቤቴ የገዛችልኝን የክኒን ማስቀመጫ አልወደድሁትም፤ ፕላስቲክ ነው፣ ሲከፈት ይጮኻል። ስለዚህ ውኃ ከሰውነት የሚያስወጣውን ክኒኔን በድሮ የከረሜላ ቆርቆሮ ይዤ እዞራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምኛለሁ።

መንገድ ላይ ሾፌሩ ሳይጠይቀኝ ከቆርቆሮው ሁለት ቃመ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪናውን አቆመ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ አቆመ። በአምስተኛው ቁጥቋጦ ላይ፦

«ሊቀ ነጥብ፣ ይህ ከረሜላዎ ምን አለበት?»

«ከረሜላ ነው ያለህ ማን ነው?»

«ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል!»

እውነቱን ነው፤ ተጽፏል። እኔ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ያረምሁ ሰው፣ የገዛ ቆርቆሮዬን አላረምሁም። ሐኪሜ ዘንድ ደወልሁ። ሙሉ ቀን ውኃ እያጠጣችሁ አሳርፉት፤ መኪናም እንዳይነዳ አለን። አብራን የምትጓዘው ሥራ አስኪያጇ ነዳች። እሱ ከኋላ ወንበር ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘለቀው፤ መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ነው።

ቆርቆሮው ተጣለ። ፕላስቲኩ ነገሠ።

መጋቢት 17

መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ለራሴም ካልተናገርሁ...

ሆቴል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል በትንሿ መለኪያ ተለካሁ፤ 164። ስልኩ ጮኸ። «ስንት?» አለች ባለቤቴ። «መቶ አርባ ስድስት» አልሁ። ስድስትና አራት ቦታ ተለዋወጡ። ፊደል ለቀማ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የተለመደ ነው፤ ጣት ይቀድማል፣ ዓይን ይከተላል...

ጣቴ አልቀደመም። አፌ ነው።

ለመሆኑ ለምን? ስምንት ቀን ነው የቀረው ለትልቁ ሙከራ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ጉባኤ እትዬ ለኪን አይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ቢመልስ የኔ ሥራ ያበቃል። ለባለቤቴ እውነቱን ብናገር ደግሞ ዛሬውኑ ያበቃል። ወዲያም መጥረጊያ፣ ወዲህም መጥረጊያ።

«ደኅና እደር» አለችኝ። «እህም» እንኳን አላለችም።

መጋቢት 26

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም። ዛሬ ጠዋት፣ ከሆቴሉ አልጋ ጫፍ።

ጉባኤው ዘገየ። ሰባት ኃላፊዎች፤ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ዋና ነርስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሥራ አስኪያጇ «ጋሼ፣ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎ ቢቀመጡስ?» አለችኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ክንዴን ለእትዬ ለኪ ሰጠሁ። ነገር ግን ሰባት ሰው እያየኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ማብራራት ጀመርሁ። ነጥብ ምን እንደሆነች፣ የድሮ አራሚዎች እንዴት እንደነበሩ፣ መምህሬ ሰሌዳውን በጠመኔ እንዴት ይመቱ እንደነበር... እጄን አወናጭፌ አሳየሁ፤ አንደኛውን፣ ያልታሰረውን።

ስልኬ በደረት ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ልዘጋው በላዩ ጫንሁት። ለካ አንሥቼዋለሁ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጌዋለሁ።

«የደም ግፊትዎ መቶ ሰባ ሁለት ነው» አለች እትዬ ለኪ። ምን ዓይነት ንባብ! እያንዳንዷ ፊደል በቦታዋ።

ከኪሴ፦ «ስንት?!»

እትዬ ለኪ፦ «መቶ ሰባ ሁለት።»

ከኪሴ፦ «ይህች ደግሞ ማን ናት?»



ከኪሴ፦ «አንቺን ነው! ስንት ነው ያልሽው?»

«መቶ ሰባ ሁለት።»

«ባሌን አንቺ ምን አግብቶሽ ነው የምትለኪው?»

ለዚህ መልስ አልጻፍሁላትም። ዝም አለች። ጥፋተኛ የመሰለ ዝምታ ነበር። ከኃላፊዎቹ አንዱ በወረቀት ፊቱን ሸፈነ፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ሳቁን ሊስቅ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔ ወደ ኪሴ አጎንብሼ «ሳጥን ናት! ሳጥን!» አልሁ። «ሳጥንማ እኔ ነኝ፤ ስታስቀምጠኝ የምቀመጥ» አለች ባለቤቴ። «ቦርሳህን አዘጋጅ።»

አበቃ አልሁ። እንዲህ ጥርት አድርጋ እንድትናገር፣ ሲጠይቋት እንድትደግም ያደረግኋት እኔው። በእጄ የጻፍሁት አጋለጠኝ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጋሼ፣ ክንድዎ ከታሰረ ጀምሮ ስንት ቃል ተናገሩ?»

«...አልቈጠርሁም።»

«ሰው እየተለካ ሲያወራ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ሳጥኗ አልነገረችዎትም?»

«አልነገረችኝም። እኔም አልጻፍሁላትም።» ሁለት ሺህ ዓረፍተ ነገር! አንዱም «ዝም በል» አይልም። ማን ያስበዋል?

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ከዚያ እንደገና።»

ከኪሴ፦ «እሱ? አምስት ደቂቃ?»

«እመቤቴ፣ እርስዎም» አሉ ሰብሳቢዋ።

ዝም አልን። ሰባት ኃላፊ፣ አንዲት ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ኪስ። በግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነዉ» የሚል ተለጥፏል፤ መጨረሻዋ ፊደል «ው» መሆን ነበረባት። አፌን ከፈትሁ። ሰብሳቢዋ ጣታቸውን አነሡ። ዘጋሁት። ያችን ፊደል እያየሁ ዝም ማለት... ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ተወኋት። ትኑር አልሁ። ማን ሞተ?

ጨርቁ ጠበቀ፤ ለቀቀ።

«የደም ግፊትዎ መቶ ሠላሳ ስምንት ነው።»

ከኪሴ ቀስ ብሎ፦ «ስንት?»

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«ዝም ሲል ነው እንዴ የሚወርደው?» አለች ባለቤቴ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት የት ነበርሁ እኔ!»

ጉባኤው ተቀበለን፤ «ዝም» የሚል ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ እንዲጨመር አዝዞ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የላከችልኝ መልእክት አንድ ቃል ነው፦ «እጠብቃለሁ።» ነጥብ የለውም! «ብ» ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች? ትጠብቀኛለች ወይስ ልትጠብቅብኝ ነው? እስከ አሁን እያነበብሁት ነው።

መጋቢት 27

በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱንም አድርጋለች፤ ጠብቃኛለች፣ ጠብቃብኛለች።

«ስለ መቶ አርባ ስድስቱ ተናገር» አለችኝ፤ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

«ምን... እንዴት አወቅሽ?»

«ድምፅህ ላልቶ ነበር። አንተ ላልተህ ተናግረህ ታውቃለህ?»

«መቶ ስድሳ አራት ነበር። ቦታ ተለዋወጡ። የለቀማ ስሕተት...»

«አራሚውስ የት ሄዶ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር» አልሁ። «ምን?» «መጥረጊያውን።» አየችኝ። ቁጭ በል አለችኝ፤ መለኪያውን አመጣች፤ አምስት ደቂቃ ዝም አሰኘችኝ። ፊቴ ተቀምጣ አብራኝ ዝም አለች። 141።

ውሉን ከፍሪጁ ላይ ነቅላ በእጇ ጨመረችበት፦ «ዝም ብሎ ሲለካ።» ከሥሩ ቅጣት፦ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ወር በምግብ ሰዓት የማንንም ንግግር ማረም ክልክል ነው። «ክልክል» የሚለውን አንድ «ል» ጨምራ ጻፈችው፦ «ክልልክል»። አየሁት።

ፈረምሁ።

ግንቦት 2

የሙከራ ጊዜዬ አልቆ የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ወንበሩም ለምዶኛል፤ ካልሸሸሁት አይሸሸኝም።

ዛሬ ጠዋት ለምርመራ ሐኪሜ ዘንድ። እትዬ ለኪ እዚያው መግቢያው ላይ ናት፤ አዲሱ ዓረፍተ ነገር ገብቶላታል። በጥር ወንበር ስበው የጠበቁት እናት ከፊቴ ናቸው። ክንዳቸውን አስገቡ።

«እባክዎ፣ እስኪለኩ ድረስ ዝም ይበሉ» አለቻቸው።

አይደለም። አንድ ነገር ጆሮዬን ቆረቆረው። አዳመጥሁ። እናት አስደገሟት። «ዝም ይበሉ» አለች፤ «በ»ን አጥብቃ! ሲላላ «ጸጥ ይበሉ» ነው። ሲጠብቅ ግን እንደ እንጀራ ጸጥ ብለው ሌላ ሰው ይብላዎት ማለት ነው። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። «በ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ። የኔ ነጥብ። በኔ እጅ። አርባ ጤና ጣቢያ ውስጥ።

እናት ክንዳቸውን መዘዙ። «የመጣሁት ልለካ ነው ልበላ? እንግዲህ ልበላስ እሺ፤ ጸጥ ብዬ ግን አልበላም!»

ሠርጉ በድምቀት ተሰበረ... ጠበቅሁት፤ ያ የድሮው ነገር ደረቴን ሊይዘኝ። አልመጣም። በምትኩ ሳቅ መጣ። ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ። እናትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። ለሥራ አስኪያጇ ደወልሁ፤ «ልጄ፣ አርባ ጤና ጣቢያ ሰው እየበላን ነው» አልኋት። ጩኸቷ ከስልኩ ውጭ ተሰማ። ሾፌሩ ከኋላዋ «ሊቀ ነጥብ ራሱ!» ሲል ሰማሁት። ነጥቡን አነሣሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባውም ይታረማል።

ለባለቤቴም እኔው ቀድሜ ነገርኋት። «እና ግፊትህ?» አለች።

ተቀመጥሁ። ክንዴን ሰጠሁ። ለማንም ምንም አላብራራሁም። እናት ወንበራቸውን አጠገቤ ስበው ጠበቁኝ።

ጨርቁ ጠበቀ። እኔ ላላሁ።